ቀዩ ይብራ!

ማጀቴ ላይ ስቱዲዮ ሊከፍቱ የተነሡ ክቡር አንባቢ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለዎት ልበል። ላፕቶፑ አለ። ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ገዝተዋል። ኩቤዝ የሚባለውን የመቅጃ ሶፍትዌር አንድ ወዳጅዎ በፍላሽ ሰጥቶዎታል፤ ከየት እንዳመጣው እርስዎም አልጠየቁት፣ እኔም አልጠይቅም። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ካርቶን አልብሰውታል። ካርቶኑ የወፍጮ ቤቱን ጩኸት ከመግባት ባያግደውም፣ ቤቱ ስቱዲዮ መሆኑን ለሚገባው ሰው ሁሉ ያስረዳልና ወጪው አይቆጭም። የቀረዎት አንድ ነገር ነው፤ ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን የጌን፣ ማለትም የሚገባውን ድምፅ የማጉያ፣ ማዞሪያ የት ላይ ማቆም እንዳለብዎት ማወቅ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ብዙ ይላል። የእኔ ምክር አጭር ነው። ማዞሪያው እምቢ እስኪል ድረስ ያዙሩት።

ምክንያቴን ላስረዳ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ድምፅ በገባ ቁጥር የሚወጣና የሚወርድ ሜትር አለ። ከታች አረንጓዴ፣ መሀል ላይ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነው። ሰንደቅ ዓላማችንን ገልብጠው ያቆሙት ቢመስልም ቀለማቱ የራሳችን ናቸው። አረንጓዴውንና ቢጫውን አብርቶ ቀዩን ጨለማ ውስጥ የሚተው ሰው ምን ዓይነት ዜጋ እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ። ቀዩ ለማስጠንቀቂያ ነው የሚሉትን አይስሙ። ማስጠንቀቂያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር።

ልማዱም ቢሆን ከሜዳ አልተገኘም፤ የዘር ሐረግ አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ በቀረጻ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ማይክ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። የዚያ ዘመን ዘፋኝ አፉ ሰፊ የሆነ ጥሩምባ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ ድምፁ በጥሩምባው ገብቶ ስስ ክዳን ያንቀጠቅጣል፤ ክዳኑ መርፌውን ይነቀንቃል፤ መርፌው ሰሙን ይጭራል። ጌን የለ፣ ሜትር የለ። ሌቭል የሚስተካከለው በእግር ነበር፤ ከፍ ሲያደርጉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ሲያደርጉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ይህን ሁሉ እርምጃ የኤሌክትሪክ ማዞሪያ ካስቀረልዎት፣ ማዞሪያውን በከፊል ብቻ መጠቀም ውለታ ቢስነት ነው።

አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ሲመሠርት ደግሞ ዘመኑ የቴፕ ነበር። ቴፕ ምንም ሳይቀዳበት እንኳ ከኋላው «ሽሽሽ» ይላል። ባለሙያው ዘፈኑ ከሽሽታው በላይ እንዲሰማለት የሜትሩን መርፌ ወደ ቀዩ ገፋ ያደርጋል። ቴፕ ሲበዛበት ድምፁን ድንገት አይቆርጠውም፤ ቀስ እያለ ይጨምቀዋል። ጆሮም ያንን መጨመቅ ይወደዋል፤ እንዲያውም ዛሬ የዓለም አቀናባሪ ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ፕለጊን ይህንኑ የሚያስመስል ነው። ከዚያ ካሴት መጣ። በየሙዚቃ ቤቱ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ሽሽታ በሽሽታ ላይ ይደረብ ነበርና፣ ያኔ ደፍሮ ከፍ አድርጎ መቅዳት ዕውቀት ነበር። እርስዎ የሚቀዱት በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ያ ሽሽታ የለበትም፤ የቴፑ ይቅር ባይነትም የለውም። ይሁንና ምክንያቱ ስለ ጠፋ ብቻ ልማዱን መተው የአባቶችን ሥራ መናቅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ዜሮ ትንሽ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነውና። በዲጂታል ሜትር ላይ ትልቁ ቁጥር ዜሮ ነው። የቀረው ሁሉ ማይነስ ነው፤ ማይነስ 6፣ ማይነስ 18፣ ማይነስ 40። ከዜሮ በላይ ምንም የሚጻፍበት ቦታ የለም። ማጀቴ ገበያ ላይ ማሽላ ሲሰፈር ቁናው ጉልላት ካላወጣ ገዢው አይስማማም፤ ከጉልላቱ የፈሰሰውንም ከመሬት አፋፍሶ ጆንያው ውስጥ ይጨምረዋል። ኮምፒውተሩ ግን ከአፉ ላይ እኩል ይላጨዋል፤ የተላጨውም ተፈልጎ አይገኝም። በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን ይለካል፤ ጣሪያውን ያለፈውን ልክ ሁሉ ያው ጣሪያው ላይ እንዳለ አድርጎ ይመዘግባል። የተቀዳውን ሞገድ አጉልተው ቢያዩት፣ ክብ መሆን የነበረበት አናት ተቆርጦ ቀጥ ያለ መስመር ሆኗል። ያ ቀጥ ያለ መስመር በስፒከር ሲወጣ «ጭርርር» ይላል። ይህን ጭርታ ዘመናዊነት ነው ብለው ይቀበሉት።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። የመጀመሪያ ደንበኛዎ ከቆላው የመጣ ጎረምሳ ነው እንበል። ድምፁን የገራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ፣ ግሪሳ ሲያባርር ያደገ ድምፅ ነው። ከማማ ማማ ይጠራራል፣ ሸለቆ ይሻገራል፣ ወዲያ ማዶ ካለው ጓደኛው መልስ ይዞ ይመለሳል። ስቱዲዮ ሲገባ ግን ያፍራል። በእንቁላል ካርቶኑ ይደነግጣል፣ ሄድፎን ሲደፉለት ጆሮው የተያዘበት ያህል ይሸማቀቃል። «በል እስቲ ሞክር፣ የእኔ ወንድም» ሲሉት አንገቱን ሰብሮ፣ ከጥርሱ ሳያወጣ ሁለት ስንኝ ያንጎራጉራል። ሜትሩ ማይነስ 30 አካባቢ ይርበተበታል።

በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋሉ? ያዙራሉ። ማይነስ 20። ያዙራሉ። ማይነስ 10። ያዙራሉ። ማይነስ 3! «እሰይ፣ አሁን ገባ» ይላሉ።

ፈሪ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ጊዜ ያባክናል። ጎረምሳውን ውኃ አጠጥቶ፣ ስለ አዝመራው ትንሽ አጫውቶ፣ «አሁን ደግሞ ከፍ ያለውን ቦታ ማማ ላይ እንዳለህ አድርገህ በለው» ይለዋል። ጌኑን በዚያ ድምፅ ለክቶ፣ ከዚያም ላይ ደግሞ ሌላ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ዘፋኝ ሲሞክር ሌላ ሰው፣ ሲቀረጽ ሌላ ሰው ነውና። እርስዎ ግን ሰው ያሳየዎትን ያምናሉ። ቀዩን የቀረጻ ቁልፍ ይጫናሉ። ኪቦርዱ ይገባል፣ ጎረምሳው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ የእንቁላል ካርቶኑን ይረሳና ማማው ላይ ይወጣል። ሜትሩ አናቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራትም አብራ ትቀላለች፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ምናልባት ያ ስንኝ ጎረምሳው በዕድሜው ከዘፈነው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ፋይሉ ላይ ያለው ጭርታ ነው። «ድገምልኝ» ቢሉት ይደግመዋል፤ ደግ ልጅ ነው። ያኛውን ግን አይደግመውም፤ ስንኙን ይደግማል እንጂ።

ቀዩ ድንገት ካስፈራዎት ደግሞ መላ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፌደር በማውስ ይያዙና ወደ ታች ይጎትቱት። የማስተሩ ሜትር ወዲያው ዝቅ ይላል፣ መብራቱም ይጠፋል። ፌደሩ የሚገዛው አስቀድሞ የተቀዳው እንዴት እንደሚሰማ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው ከዚያ በፊት፣ ድምፁ ሳውንድ ካርዱ ውስጥ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘዴ ጭርታውን ዝቅ ባለ ድምፅ ለማዳመጥ ይበቃሉ። «ሶፍትዌሩ 32 ቢት ፍሎት ነው፣ በጭራሽ ክሊፕ አያደርግም» የሚል ጓደኛም አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉት ጤነኛ ሆኖ ይመለሳል። ከሶፍትዌሩ በፊት በር ላይ የቆመው ለዋጭ ግን ፍሎት የሚባል ነገር አያውቅም። ጓደኛዎን ግማሽ መንገድ ድረስ ይመኑትና እዚያው ያቁሙ።

ስለ ማይክ አቀማመጥ ያለኝ ምክር ደግሞ ይህ ነው። ማይኩን ከዘፋኙ አፍ አንድ ስንዝር አካባቢ አያድርጉት፤ ያሳፍረዋል። ያርቁት። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ ከአፉ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ከአንድ ስንዝር ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት ሲሄዱ 12 ሄደ ማለት ነው። የጎደለውን በጌን ይሙሉት፤ ጌን ለዚህ ነው የተፈጠረው። ጌን ሲጨምሩ የሚመጣው ዘፋኙ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ትርፉ ነው። ቬንትሌተሩ ይመጣል፤ በቆላው ቀትር ያለ ቬንትሌተር የሚዘፍን ካለ ይዝፈን። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይመጣል። የባጃጁ ጥሩምባ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የጎረቤት ጄኔሬተር፣ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ ምሳ በልቷል?» የምትለው የዘፋኙ እናት፣ ሁሉም በአንድ ትራክ ላይ ይሰፍራሉ። ሐምሌ ላይ ከሆነማ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ከበሮ ተጫዋች መቅጠር አይኖርብዎትም። ስስታም ሰው ማይኩን አስጠግቶ፣ ጌኑን ቀንሶ፣ እነዚህን ሁሉ ደጅ ያስቀራቸዋል። ማኅበራዊ ኑሮ የሚሉትን ነገር አያውቅም።

ወደ ባህል መሣሪያዎች ስንመጣ የምክሬ ጥቅም ይበልጥ ይጎላል። በገና የያዙ አባት ቢመጡብዎት ተነሥተው ይቀበሏቸው፣ ወንበር ይስጧቸው፣ «አባባ፣ ትንሽ ደርድሩልኝ» ይበሏቸው። የበገና 10 ጅማቶች እታች በሚያርፉበት ቦታ ላይ እንዚራ የሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች አሉ፤ ጅማቱ ሲነካ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን የታወቀውን ንዝረት ያወጣል። እንግዲህ የጥንት ሰዎች አንድ መሣሪያ እንዲነዝር ምን ያህል እንደ ደከሙ ይመልከቱ። ቆዳ መቁረጥ፣ ማስገባት፣ ጫን ላላ እያደረጉ በጆሮ ማስተካከል። እርስዎ ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ማዞሪያ አስቀርተዋል። ጌኑ ጥግ ድረስ ከዞረ ማሲንቆውም፣ ክራሩም፣ ዋሽንቱም ይነዝራል። በገናውማ ሁለት ጊዜ ይነዝራል። የትኛው ከእንዚራው፣ የትኛው ከሳውንድ ካርዱ እንደሆነ አባባ ራሳቸው ሄድፎኑን ደፍተው ለይተው ማወቅ ያቅታቸዋል። ፊታቸው ሲጠቁር ካዩ በመመሰጥ ነው ብለው ይውሰዱት።

አገሩ ይፋት ነውና የመንዙማ ቡድንም ይመጣል። መሪው ብቻውን ዝግ ባለ ድምፅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ተቀባዮቹ ይነሣሉ፣ ጭብጨባው ይገባል፣ ድቤው ይመታል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መሀል ያለው ልዩነት ስፋቱ ያስደነግጣል። ድቤ ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው፤ ምቱ መጥቶ እስኪያልፍ ዓይን አይደርስበትም። የድሮው ባለ መርፌ ሜትር ተነሥቶ ልኩ ላይ እስኪደርስ 300 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ስለነበር፣ መርፌው ገና ሲንቀሳቀስ ድቤው ሥራውን ጨርሶ ነበር። በኮምፒውተሩ ሜትር ላይ ግን የእያንዳንዱ ምት ጫፍ ይታያል፤ መደበቂያ የለውም። ጠንቃቃው ሰው ቡድኑ ሙሉ በሙሉ የጋለበትን ቦታ አስመትቶ ጌኑን በዚያ ይለካና መሪው በጀመረበት ዝግታ ሜትሩ ዝቅ ቢል ግድ አይሰጠውም። እርስዎ መሪው ሲጀምር ይለኩ። ተቀባዮቹ ሲነሡ የሚሆነውን አላህ ያውቃል።

እዚህ ላይ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ሊያደናግርዎት ይሞክራል። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ነው። የሲዲ 16 ቢት 96 ዴሲቤል ይሰጥሃል፤ ሳውንድ ካርድህ የሚቀዳበት 24 ቢት 144። አማካዩን ማይነስ 18 ላይ ብታስቀምጠው የምትከፍለው 3 ቢት ነው፤ 21 ይተርፍሃል። ከሲዲው በ5 ትበልጣለህ። ከፍ ከፍ የሚሉት ምቶች ማይነስ 12 እና ማይነስ 6 መሀል ይምጡ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ለጎረምሳው ተውለት። የድሮ ዕቃ የሚያስመስሉት ፕለጊኖችህም ብዙዎቹ የተሠሩት ማይነስ 18ን የድሮው ሜትር ዜሮ አድርገው ነው።» ይህን ሰው ሻይ ይጋብዙት፤ አይመኑት። 21 ከ24 ያንሳል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ገንዘቡን የከፈሉት ለሃያ አራቱም ቢት ነው፤ ሦስቱን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ለማን ብለው? የ144ቱን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ፣ ቬንትሌተር ባለበት ክፍል ውስጥ ከዚያ ግማሹም እንደማይገኝ እሱም ያውቀዋል፤ ቢያውቅም «እንግዲያው ጌን መጨመርህ ቬንትሌተሩንም ከፍ ከማድረግ በቀር ምን ረባህ?» ብሎ ይከራከራል። ሻዩን ሲጨርስ ይሸኙት።

አንድ ጊዜ ብቻ ከቀልድ ወጥቼ ልናገር፤ ምክሬን የማይቀበል ግትር አንባቢ ይኖራልና። ሳውንድ ካርድዎ ላይ ማዞሪያው ሲገዙት ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ፣ ዘፋኙ ስንዝር ያህል ተጠግቶ፣ ሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው ላይ እየተመላለሰ፣ ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ቀጭን ሆኖ ቢታይዎት አይደንግጡ። ሲያዳምጡት ካነሰዎት የሄድፎኑን ድምፅ ይጨምሩ፣ የጌኑን አይንኩ። ዘፈኑን ከፍ የሚያደርጉት ሚክሱ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የተቀዳ ነገር ማንም ሰምቶ «ቀረጻው እንዴት ያምራል» አይልዎትም፤ ስለ ዘፋኙ ብቻ ነው የሚያወሩት። ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ዝግጁ ከሆኑ ይሞክሩት።

ምክሬን ለተቀበሉት ግን ገና ማስተሪንጉ ይቀራል። እዚህ ሊሚተሩን አስገብተው፣ አስቀድሞ የተቆረጠውን ደግመው ይቁረጡት፤ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጡብ ሲሞላ ጨርሰዋል። ዘፈኑን በይነመረብ ላይ ሲጭኑት ትንሽ ቅር የሚያሰኝ ነገር ያጋጥምዎታል። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ሁሉ ማይነስ 14 ላፍስ ወደሚባል ልክ ያቀራርባል፤ ዩቲዩብም ከልኩ በላይ የጮኸውን በራሱ ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል። የእርስዎ ዘፈን ከሌላው እኩል ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ጭርታው ግን አብሮት ይወጣል፤ እሱን ማንም አይነካብዎትም።

ለነገሩ ዘፈንዎ የሚኖረው እዚያ አይደለም፤ ሰርግ ላይ ነው። ጥር ሲገባ ሸዋ ሮቢት ያለው ዲጄ ፍላሹን ይሰካል። ሚክሰሩ ላይ ያሉትን ቀያይ መብራቶች በሙሉ ያበራል፤ እሱም የእኔን ምክር ከእርስዎ ቀድሞ ሰምቷል። ስፒከሮቹ ድንኳኑን ያንቀጠቅጡታል። ማይነስ 18 ላይ በጥንቃቄ የተቀዳውና እርስዎ የቀዱት ጎን ለጎን ቢከፈቱ የሚለያቸው ሚዜ የለም።

ደንበኛው ሙሽራ በማግሥቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ድምፁ ይሰነጠቃል» ቢልዎት ስፒከሩ ነው ይበሉት። ስፒከሩን ቀይሮ ዳግም ከደወለ ፍላሹ ነው ይበሉት። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ኔትወርክ የለም።